«ዲስትራክትድ»፦ ስለ አንድ ቅብጥብጥ ልጅና ስለ ወላጆቹ ቲያትር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ቲያትር ባወራሁ ቁጥር ከሐበሻ ወላጆች የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ እመልሳለሁ።

ቲያትሩ ስለ ምንድን ነው?

ጄሲ የሚባል የ9 ዓመት ልጅ አለ። አርፎ አይቀመጥም። ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ የጀመረውን አይጨርስም። አስተማሪው እናቱን ታነጋግራትና ልጁ ኤዲኤችዲ ለሚባለው የትኩረት ችግር ቢመረመር ይሻላል ትላታለች። ከዚያ በኋላ የእናትየው ሩጫ ይጀምራል። ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ትሄዳለች። አንዱ መድኃኒት ይላታል፣ ሌላው ምግቡን ቀይሪ ይላታል። የአንዱን ምክር ሳትጨርስ ሌላው ይሽረዋል። አባትየው ደግሞ «ልጅ ነው፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው» ብሎ ፍንክች አይልም።

ርዕሱ «ሐሳቡ የተበተነ» እንደማለት ነው። የተበተነው የማን ሐሳብ እንደሆነ ግን አይነግረንም። ቲያትሩ ሲከፈት እናትየው ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ ብላ ለመቀመጥ ትሞክራለች። አልቻለችም። ልጁ ይጠራታል፣ ቤቱም አያስቀምጣትም። መድረኩ ላይ ስክሪኖች ይበራሉ። ተዋናዮቹ በመሀል ከገጸ ባሕርያቸው ወጥተው በራሳቸው ስም ለተመልካቹ ያወራሉ። እኛ ተመልካቾቹም አንድ ነገር ላይ መርጋት ያቅተናል።

ማን ጻፈው? የትስ ታየ?

የጻፈችው አሜሪካዊቷ ሊሳ ሉመር ናት። ከዚህ በፊት፣ ልጇን አገር ቤት ትታ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሰው ልጅ ስለምታሳድግ የኤል ሳልቫዶር ሴት የጻፈች ናት። ዱባይና ቤይሩት እህት ያለው ሰው ያን ታሪክ ማንም ሳይተረጉምለት ይገባዋል።

«ዲስትራክትድ» መጀመሪያ የታየው በ2007 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሎስ አንጀለስ፣ ማርክ ቴፐር ፎረም በሚባለው ቲያትር ቤት ነው። እናቷን ሆና የተጫወተችው ሪታ ዊልሰን ነበረች። በ2009 ራውንዳባውት የሚባለው የቲያትር ድርጅት ኒውዮርክ ላይ በማርክ ብሮካው አዘጋጅነት አቀረበው። ያኔ እናቷ ሲንቲያ ኒክሰን ነበረች።

ኤዲኤችዲ በአማርኛ ምን ይባላል?

በባለሙያዎች አማርኛ «የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ እንቅስቃሴ ችግር» ይባላል። ቤት ውስጥ ግን እንዲህ ብሎ የሚጠራው የለም። «ቀዥቃዣ»፣ «ቅብጥብጥ»፣ «ረባሽ»፣ «እሾህ ላይ እንደተቀመጠ» እንላለን። ዝም ብሎ በሐሳብ የሚጠፋውን ደግሞ «ፈዛዛ» ወይም «ልቡ እዚህ የለም» እንለዋለን። የሚገርመው ሁለቱ ተቃራኒ የሚመስሉ ልጆች አንድ ችግር ሊኖርባቸው ይችላል።

ሐኪሞች በሦስት መልክ ይከፍሉታል። አንደኛው ትኩረት ብቻ የሚያንሰው ነው። ይረሳል፣ ደብተሩን ይጥላል፣ ትእዛዝ መሀል ላይ ይጠፋበታል። ሁለተኛው መንቀሳቀስና መቸኮል የሚበዛበት ነው። ሦስተኛው ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ ነው። የቲያትሩ ጄሲ ሦስተኛውን ይመስለኛል።

ሴት ልጆች ላይም አለ?

አለ። ብዙ ጊዜ ስለማይረብሹ ማንም ልብ አይላቸውም። መስኮት እያየች የምትቀመጥ ልጅ አስተማሪዋን አታስቸግርም። «ጨዋ ናት ግን ሰነፍ ናት» ተብላ 12ኛ ክፍል ትደርሳለች። አንዳንዶቹ ያወቁት ልጃቸው ሲመረመር ነው። ሐኪሙ ለልጁ የሚያነበውን የምልክት ዝርዝር ሲሰሙ የራሳቸውን ታሪክ ይሰማሉ።

ልጁ ለምን መድረክ ላይ አይታይም?

በቲያትሩ የምወደው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ጄሲን እንሰማዋለን እንጂ አናየውም። ከጓዳ ይጮኻል፣ ከደረጃው በላይ ይጣራል። መድረኩ ላይ ግን ስለ እሱ የሚያወሩ ትልልቅ ሰዎች ብቻ ናቸው። እናት፣ አባት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት፣ ሐኪም፣ ሌላ ሐኪም። ሁሉም ስለ ልጁ ያውቃል፣ ልጁን ያየው ግን የለም።

ይህን ሳነብ አፈርኩ። እኛ ቤት ልጃችን 8 ዓመት ሳለ ከትምህርት ቤቱ በየሳምንቱ ስልክ ይመጣ ነበር። ማታ ማታ እኔና ባለቤቴ ወጥ ቤት ቆመን እንከራከራለን። እሱ ሳሎን ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ስሙን ስንት ጊዜ እንዳነሳን እንጃ፣ አንድ ቀን ግን ጠርተን «አንተስ ምን ይሰማሃል?» ብለን አልጠየቅነውም።

አባትየው ለምን እንቢ ይላል?

ክፉ ስለሆነ አይደለም። ልጁን ይወደዋል። እንዲያውም ከሁሉ በላይ የልጁን ጠባይ የሚወደው እሱ ነው። «መድኃኒት ሰጥታችሁ ይህን ልጅ ታጠፉብኛላችሁ» የሚል ፍርሃት አለው። አባትየውን በደንብ ላየው ሰው ደግሞ ጄሲ ያደገ ይመስላል።

ይህ ደራሲዋ ከአየር ያመጣችው አይደለም። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በሰዎች መካከል በኤዲኤችዲ የሚታየው ልዩነት 70 በመቶ እና ከዚያ በላይ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። ከቁመት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ አባት «እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚሁ ነበርኩ» ሲል ለምርመራው የሚጠቅም መረጃ እየሰጠ ነው። እኔም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለባለቤቴ ስንት ጊዜ ብያታለሁ። «ታዲያ እኔ ምን ሆንኩ?» እላለሁ። ሁለት ጊዜ ትምህርት ማቋረጤን፣ እድሜ ልኬን ቁልፍ ስፈልግ መኖሬን፣ አባቴ በቀበቶ ያሳደገኝ መሆኑን አልቆጥረውም ነበር።

እውነተኛ ችግር ነው ወይስ የፈረንጅ ፈጠራ?

ስሙ አዲስ ነው፣ ልጁ አዲስ አይደለም። ጆርጅ ስቲል የሚባል እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም በ1902 ለንደን ላይ፣ አእምሯቸው ደህና ሆኖ ራሳቸውን መግታት ስለሚያቅታቸው ልጆች ንግግር አድርጓል። በ1968 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መጽሐፍ ውስጥ በሌላ ስም ገባ። የዛሬውን ስም ያገኘው በ1987 ነው። ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች ሲደመሩ ከ100 ልጆች 5 ገደማ ላይ ይገኛል።

አሜሪካ ውስጥ ቁጥሩ ከዚህ በላይ ነው። በ2022 ወላጆች ሲጠየቁ፣ ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 11.4 በመቶ የሚሆኑት አንድ ጊዜ «አለበት» ተብለዋል። ይህን ይዞ «አሜሪካኖች ያበዙታል» የሚል ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በክፍሉ ውስጥ በእድሜ ትንሹ የሆነ ልጅ ከትልቁ ይልቅ በብዛት «አለበት» እንደሚባል በተለያዩ አገሮች ታይቷል። ልጁ ገና ሕፃን በመሆኑ ብቻ ማለት ነው። ልጅዎ የክፍሉ ታናሽ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ። አንዳንዱ በስህተት ስለተፈረጀ ግን የቀሩት አያስመስሉም።

ጥሩ ቅጣት አያስተካክለውም?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ አባቶችና አያቶች ናቸው፤ በፍቅር ነው የሚጠይቁት። እኛ በቁንጥጫ፣ በአርጩሜና በበርበሬ ጭስ ያደግን ነን። «ያ ሰው አደረገን» ብለን እናምናለን።

ችግሩ ግን ልጁ ሕጉን ያውቃል። «መንገድ ከመሻገርህ በፊት ምን ታደርጋለህ?» ብትሉት አሳምሮ ይመልሳል። ኳሷ መንገድ ስትገባ ግን ተከትሎ ይሮጣል። የጎደለው ባወቀውና በሚያደርገው መካከል ያለችው ቆም የማለት ቅጽበት ናት። በ2007 የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች የልጆችን አንጎል በኤምአርአይ ሲያወዳድሩ፣ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች የአንጎል ቅርፊት ወደ ሙሉ ውፍረቱ የሚደርሰው በአማካይ 3 ዓመት ገደማ ዘግይቶ ሆኖ አገኙት። የዘገየው በተለይ ከግንባር ጀርባ ያለው፣ ራስን ለመግታት የሚያገለግለው ክፍል ነው። የ9 ዓመት ልጅ ቆም በል ሲባል የ6 ዓመት ልጅ ያህል ነው የሚችለው ብላችሁ አስቡት። የ6 ዓመት ልጅ 9 ዓመት ስላልሆነ አይገረፍም።

የሚሠራው አጭርና ቅርብ የሆነ ነገር ነው። አንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ። ዐይኑን እያዩ፣ ትከሻውን ነክቶ። ያደረገውን ወዲያው ማመስገን። «ለፋሲካ ብስክሌት እገዛልሃለሁ» ለዚህ ልጅ ሩቅ አገር ነው።

ጌም ላይ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ልጅ እንዴት ትኩረት ያንሰዋል?

ችግሩ ትኩረቱን ወደሚፈለገው ቦታ መምራቱ ላይ ነው። ጌሙ በየሰከንዱ ሽልማት ይሰጠዋል፤ የማባዛት ሠንጠረዥ አይሰጠውም። እኛ አሰልቺ ነገር ላይ ራሳችንን ማስቀመጥ እንችላለን። እሱ ይህን ለማድረግ ከእኛ ብዙ እጥፍ ይለፋል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚፈነዳውም ለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ ራሱን ይዞ ውሎ እቤት ሲገባ ይለቀዋል።

ያመጣው ስኳር ነው? ስልክ ነው?

ስኳርን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ አይደለም። በ1995 በርካታ ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ጥናት ስኳር የልጆችን ጠባይ እንደማይለውጥ አሳይቷል። ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ የተሠራ ሌላ ሙከራ ደግሞ በጣም ይገርመኛል። እናቶች «ልጅሽ ብዙ ስኳር ጠጥቷል» ተባሉ። በእርግጥ የተሰጠው ስኳር የሌለበት መጠጥ ነበር። እናቶቹ ግን ልጃቸው ሲቀብጥ «አየነው» አሉ፤ ቁጣቸውም ጨመረ። ልጁ ያው ነው፤ የተለወጠው የእናት ዐይን ነው። ይህን እውነት በቲያትሩም ውስጥ አገኘዋለሁ።

ስልኩ ኤዲኤችዲን አይፈጥርም። ችግሩ ላለበት ልጅ ግን እንቅልፉን ይነጥቀዋል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ነገ የባሰ ይሆናል። ከሁሉ በፊት የወላጅን ስልክ ማየት ነው። «አባዬ» ሲለኝ ስንት ጊዜ ስክሪን እያየሁ «እህ» ብያለሁ።

በደም ምርመራ ይታወቃል?

አይታወቅም። ለዚህ የሚሆን የደም ምርመራም ሆነ የጭንቅላት ራጅ የለም። ሐኪሙ የሚሠራው በታሪክ ነው። ከ2013 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ መመዘኛ፣ ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 6 መኖር አለባቸው። ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለባቸው። ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ መሆን አለባቸው። ከአንድ ቦታ በላይም መታየት አለባቸው፤ ለምሳሌ በቤትና በትምህርት ቤት።

ትምህርት ቤት ብቻ የሚረብሽ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ስድብ፣ የቋንቋ ችግር፣ መስማት ወይም ማየት አለመቻል። አዲስ የመጡ ልጆች እንግሊዝኛው ስላልገባቸው ብቻ «ትኩረት የለውም» ሊባሉ ይችላሉ። የመንገድ ፍርሃት፣ ጦርነት፣ ከእናት ተለይቶ መቆየት ደግሞ ልክ ኤዲኤችዲ የሚመስል መበተን ያመጣል። በ10 ደቂቃ ቆይታ «አለበት» ከተባላችሁ ሌላ ሐኪም ጋር ሂዱ።

ለኤዲኤችዲ የሚታዘዘው ሪታሊን እንደ ጫት አይደለም?

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ነው። በአሜሪካ ለኤዲኤችዲ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ፣ አዴራል፣ አምፌታሚን ነው። ሪታሊን የሚባለው ሜቲልፌኒዴት ነው። እሱም አነቃቂ ነው። ሁሉም በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን የሚባሉትን መልእክተኞች ይጨምራሉ። ሪታሊንን በ1944 የቀመመው ሊያንድሮ ፓኒዞን የሚባል የስዊዘርላንዱ ሲባ ኩባንያ ኬሚስት ነው። ስሙን ያወጣለት በሚስቱ በማርገሪት ቅጽል ስም በ«ሪታ» ነው።

ልዩነቱ ልኩና ክትትሉ ላይ ነው። የሚቃም ሰው ምን ያህል እንደወሰደ አያውቅም። ልጁ ግን በሚሊግራም ተለክቶ፣ ከትንሽ ተጀምሮ፣ ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ እየታየ ይወስዳል። ብዙ ልጆች የምግብ ፍላጎታቸው ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ይዘገይባቸዋል፣ እድገታቸውም በጥቂቱ ሊዘገይ ይችላል። በቤተሰብ የልብ ሕመም ወይም ድንገተኛ ሞት ካለ ሳይጀመር መነገር አለበት። ቁርሱን በደንብ ካበሉት በኋላ መስጠት እኛን ረድቶናል። ምሳው እንደሆነ ሳይነካ ተመልሶ ይመጣል። ልጁ ዱዳ ቢሆን ወይም ሳቁ ቢጠፋ ልኩ አልተስማማውም ማለት ነው፤ ለሐኪሙ ይነገር። አነቃቂ ያልሆነ መድኃኒትም አለ።

ታዲያ ቲያትሩ መድኃኒት ስጡ ነው የሚለው ወይስ አትስጡ?

አይልም። ይህ ያበሳጫቸው ተመልካቾች አሉ። እኔ ግን ትክክል ይመስለኛል። እናትየው የምትሰማው እያንዳንዱ ባለሙያ ትንሽ ትንሽ እውነት አለው። ሐኪሙን የሚጫወተው ሰው በመሀል ከሚናው ወጥቶ ስለ ራሱ ትኩረት ማነስ ለተመልካቹ ሲያወራ፣ መድኃኒቱ ጠላት ብቻም መድኅን ብቻም እንዳልሆነ ይገባናል።

ጥናቱም ቢሆን አንድ ወገን አይደለም። በ1999 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ7 እስከ 9 ዓመት ያሉ 579 ልጆችን በአራት ቡድን ከፍሎ ለ14 ወር ተከታተለ። በጥንቃቄ መድኃኒት የተሰጣቸው፣ የጠባይ ስልጠና ብቻ ካገኙት ይልቅ ምልክታቸው ቀነሰ። ሁለቱንም ያገኙት በቤተሰብ ግንኙነትና በመሳሰሉት ተሻሉ። ጥናቱ ከተጀመረ በሦስተኛው ዓመት ሲታዩ ግን በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል። መድኃኒቱ ዛሬ ይረዳል፤ ኑሮውን ግን ለብቻው አይሠራለትም። በ2019 የወጣው የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መመሪያ ከ6 ዓመት በታች ላሉ መጀመሪያ የወላጆች ስልጠና ይላል። ከዚያ በላይ ላሉት ሁለቱን አንድ ላይ ይመክራል። የወላጅ ስልጠና ሲባል ወላጅ አጥፍቷል ማለት አይደለም። ለዚህ ልጅ ተራ አስተዳደግ አይበቃውም ማለት ነው።

ጠበል ብንወስደውስ?

ውሰዱት። ጸሎትም ሆነ ጠበል ከምርመራ ጋር አይጣላም፤ እኛም ወስደነዋል። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ልጁን «ያዘው»፣ «ቡዳ በላው»፣ «ክፉ መንፈስ ነው» እያላችሁ ፊቱ አታውሩ። ቀድሞውኑ ቀኑን ሙሉ ስለ ጥፋቱ የሚነገረው ልጅ፣ ጥፋቱ ከውስጡ የሚኖር ክፉ ነገር እንደሆነ ከሰማ ያንን ይዞ ያድጋል። የጀመረው መድኃኒት ካለም ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቋርጡ።

አሜሪካ ነው ያለነው፤ ትምህርት ቤቱ «ይመርመር» አለን። ምን እናድርግ?

አትፍሩ፣ ቶሎም አትፈርሙ። በሕዝብ ትምህርት ቤት ግምገማ እንዲደረግለት በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ክፍያ የለውም። ኢሜይል ይበቃል፣ ቀኑ የተጻፈበት ቅጂ ያዙ። ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ አይኢፒ የሚባለው የልዩ ትምህርት እቅድ ነው። ሌላው ከ1973ቱ ሕግ የመጣው «504 ፕላን» ነው። በዚህ ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ለፈተና ተጨማሪ ጊዜ፣ በመሀል ተነስቶ መንቀሳቀስ ሊፈቀድለት ይችላል።

ሁለት መብት ብዙ ሰው አያውቅም። አንደኛ፣ ትምህርት ቤቱ «መድኃኒት ካልወሰደ አይማርም» ማለት አይችልም፤ የ2004ቱ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። ሁለተኛ፣ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ። እባካችሁ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉ። አንዲት እናት ስለ ልጇ የተባለውን የሰማችው ከልጇ አፍ ነበር። «ጎበዝ ነው ብለዋል» አላት። ምን ይበላት?

አገር ቤትስ? አረብ አገርስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በጣም ጥቂት ነው፤ ያሉትም በብዛት አዲስ አበባ ናቸው። አማኑኤል ሆስፒታል ከሁሉ የቆየው ነው፤ ስሙ ግን ብዙ ወላጅ ያስፈራዋል። ስሙን ፈርቶ ልጅን ማስቀረት ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። መድኃኒቱም እንደ ልብ አይገኝም። ሜቲልፌኒዴት በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ በ2019 እና በ2021 ተጠይቆ ተቀባይነት አላገኘም። ድሃ አገሮች መድኃኒት ሲገዙ የሚያዩት ያንን ዝርዝር ነው። ስለዚህ አገር ቤት ላለ ወላጅ ከሁሉ በፊት በእጁ ያለው አስተማሪውን ማነጋገር፣ ፊት ማስቀመጥ፣ ሥራን ቆራርሶ መስጠት ነው። ብዙ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ይህን መጠየቅ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ጠይቁ።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ መድኃኒቱን ይዛችሁ የምትጓዙ ተጠንቀቁ። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ ቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል። ለዘመድ ብሎ በሻንጣ መላክ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም።

ባልና ሚስት ካልተስማማንስ?

ይህ ከሁሉ ከባዱ ነው። ቲያትሩም በመሠረቱ ስለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። እናት ቀኑን ሙሉ ስልኩን የምትመልሰው፣ ቢሮ የምትጠራው፣ የሌሎች እናቶችን ዐይን የምትችለው እሷ ናት። አባት ማታ ገብቶ ለአንድ ሰዓት ይጫወታል፤ ልጁ ጤነኛ ነው ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። አንድ ዓይነት ልጅ ግን አላዩም።

እኛን የረዳን ሽማግሌ አልነበረም። ባለቤቴ አንድ ቀን «አንተ ውሰደው፣ አንተ አብረኸው ዋል» አለችኝ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልጄ በ20 ደቂቃ ውስጥ 11 ጊዜ ተነሳ፤ ቆጠርኩት። የሚረብሽ አይመስልም ነበር። የሚቃጠል ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ሊቀመጥ እየታገለ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ «እኔም እንደዚሁ ነበርኩ» የሚለውን ለሐኪሙ ነው የነገርኩት።

መጨረሻ ላይ ጄሲ ይድናል?

አይድንም፤ ቃሉም ለዚህ አይሆንም። ብዙዎች እያደጉ እንቅስቃሴው ይቀንስላቸዋል፣ ትኩረቱ ግን አዋቂ ሆነውም ይፈትናቸዋል። ቲያትሩ የሚያልቀው በፈውስ አይደለም። እናትየው ሩጫዋን ታቆምና ልጇ ጋር ትሆናለች። ያኔ ጄሲ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ይወጣል። ፊቱን እናያለን። ትንሽ ልጅ ነው።

የኔ ልጅ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ታሪኩን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «ልጁ ግን ለምን እስከ መጨረሻ ድረስ ክፍሉ ውስጥ ቆየ? ማንም አልጠራውም?» አለኝ።